ዓሦቹ ሲያዛጉ

ዓሣ ውሃ ውስጥ ታፍኖ ሊሞት ይችላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር። ሰው ውሃ ሲገባ ይታፈናል፣ ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ይታፈናል፤ ፈጣሪ ነገሩን ለሁለት አካፍሎ ጨርሶታል፣ እኔን ምን አገባኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ከሚስቴ የዓሣ ኩሬ ጋር ብቻዬን እስክቀር ድረስ።

ሚስቴ እቴነሽ ትባላለች። ጅዳ በነበረችበት ጊዜ ደግሞ ፋጡማ ነበረች፤ ፓስፖርቱን ያስጨረሰላት ደላላ «በዚህ ስም ይቀልሻል» ብሎ ሳያማክራት ክርስትና አነሣት፤ ክርስትና ካሉት። ስትመለስ ሁለቱንም ስም ይዛ መጣች። ቁጭ ብላ ስታወራ እቴነሽ ናት። ሥራ ሲይዛት ግን «ያላ! ያላ!» የምትል ሌላ ሴት ትነሣለች። እሷ ከተነሣች ቤታችን ውስጥ የሚቀመጥ ወንበር የለም፤ ወንበሩም ሥራ ይሰጠዋል።

የመካነ ሰላም ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ የሚያደርገው ይታወቃል። ቤት ይሠራል፣ ባጃጅ ይገዛል፣ ሱቅ ይከፍታል። እቴነሽ ጉድጓድ አስቆፈረች። ከከተማው ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ብርዱ ለቀቅ ከሚያደርግበት ከታችኛው ማሳችን ጥግ፣ ሰው ቢቆምበት ከወገብ በላይ የሚውጥ ሰፊ ጉድጓድ። ውስጡን በጥቁር ወፍራም ላስቲክ አለበሰችው፣ የምንጩን ውሃ በቱቦ ጠልፋ ሞላችው፣ ከዚያ ጥፍር የሚያካክሉ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ጫጩቶች አስመጥታ ለቀቀችበት። የዓሣ ልጅ ጫጩት መባሉን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መንደሩ ይህን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን፣ የጅዳ ፀሐይ አናቷን መትቷት ነው» አለ። እኔም በሆዴ ከመንደሩ ጋር ነበርኩ። በአፌ ግን ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ እራት የምበላው በአፌ ነውና።

ከኩሬው መሐል አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። በሶላር ነው የምትሠራው። ውሃውን ከሥር እየሳበች ወደ ላይ ትረጨዋለች፣ ውሃውም እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይወድቃል። እቴነሽ ለምን እንደሆነ አስረድታኝ ነበር። ውሃው ተረጭቶ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፣ የታችኛው ከላይኛው ይደባለቃል፣ ዓሣውም ያንን አየር ይተነፍሳል። አስረድታኛለች፤ መስማቱ ላይ ነው ችግሩ። እኔ ፓምፗ ለጌጥ የተቀመጠች ነበር የመሰለኝ፤ ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ እንደሚንፎለፎለው።

ሐምሌ ላይ ታናሽ እህቷ ወረኢሉ ወለደችና እቴነሽ አራስ ልትጠይቅ ተነሣች። ልጃችንንም ይዛት ሄደች። ከመሄዷ በፊት በር ላይ ቆማ ትእዛዝ ሰጠችኝ።

«ምግባቸውን በልክ ስጥ። ፓምፗን እያት። ሌላ ምንም ነገር እንዳትነካ።»

«እሺ።»

«ይሄ ኩሬ ካልሆነልኝ ደግሞ እመለሳለሁ።»

«መቼም ትመለሻለሽ እንጂ፣ ወረኢሉ ልትቀሪ ነው እንዴ?»

«ወደ ጅዳ ነው ያልኩት» አለችና ሄደች።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። እቴነሽ ጅዳ ስትሄድ ልጃችን ገና ጡት የጣለች ነበረች። አፍ ስትፈታ እናቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ስለነበር ስሟ «ሄሎ» ይመስላት ነበር። ሰው ሲጠይቃት «ሄሎ ጅዳ ናት» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ የማላውቀው ነገር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ያ ኩሬ ለእኔ የዓሣ ኩሬ አልነበረም። ሚስቴን ከዚህ አገር ጋር ያሰረ ገመድ ነው። ገመዱን ደግሞ እኔ እንድይዘው ተሰጠኝ። እኔ!

እሷ በሄደች ማግስት ሐምሌ ሐምሌነቱን አሳየ። ሰማዩ እንደ ገንፎ ክዳን ተደፋብን። መብራት ቢጠፋ የሚታማ መሥሪያ ቤት አለ፤ ፀሐይ ስትጠፋ ማን ይታማል? ፓምፗ ትንሽ ሳለች፣ ትንሽ ተፋች፣ ከዚያ ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር ዝምታው ተመችቶኝ ነበር። ስትረጭ ሽንት ሽንት ታሰኘኝ ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ኩሬው ስወርድ ያየሁት ነገር ልቤን አሞቀው። ሌላ ጊዜ ጥላዬን አይተው የሚሸሹት ዓሦች ሁሉም ከውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ጠጋ አልኩ፤ አልሸሹም። «ለመዱኝ!» አልኩ። አንዳንዶቹ የሚያዛጉ መሰለኝ፤ ገና መነሣታቸው ነው ብዬ ነው። በእኔ ዕውቀት ደግሞ አፉን ከፍቶ ሰው ሰው የሚያይ ፍጡር ሁሉ «ራበኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ምግባቸውን በተንኩላቸው። አልነኩትም። የእቴነሽ ባል መሆኔን ረስተው ኩራት ይሆናል ብዬ ጨመርኩላቸው። አሁንም አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ አይበሉም። «አይዟችሁ፣ አትፈሩ» እያልኩ አሁንም ጨመርኩ።

ስልክ የሚሠራው ከኩሬው በላይ ካለችው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ነው። ወጥቼ ደወልኩላት።

«ዓሦቼ ደህና ናቸው?» አለች፣ ሰላምታዬን ሳታስጨርሰኝ።

«ደህና ብቻ! ወደውኛል። ሁሉም ከላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሰላም ይሉኛል። ጥቂቶቹማ ያዛጋሉ።»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አደረግኩት።

«ፓምፗስ?»

«ተኝታለች። እኔም ልቀስቅሳት አላልኩም።»

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ስልክ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ ከወረኢሉ በአየር ይደርስ ነበር። «ታፍነው ነው! አየር አጥተው ነው የሚያጣጥሩት! አንተ ሰው፣ ምግብ እንዳትሰጣቸው፣ ምግብ ይብስባቸዋል!»

«ምግብ ስትዪ... ምን ያህሉን ነው እንዳትሰጣቸው የምትዪው?»

«ወይኔ ልፋቴ! ውሃውን በጥብጥ! እርጨው፣ አንቀሳቅሰው፣ ባገኘኸው ነገር...»

ኔትወርኩ እዚህ ላይ ተቋረጠ። ከትእዛዝ ሁሉ አደገኛው «ባገኘኸው ነገር» የሚለው ነው። ለብልህ ሰው ፈቃድ ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ ግን ጥፋት ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት የአጥር እንጨት ነበር። ነቅዬ ውሃውን መደብደብ ጀመርኩ። በግራ መታሁት፣ በቀኝ መታሁት፣ ሰድቤ መታሁት። ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ ሁለት በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ እርሻ ሲወርዱ አገኙኝ። ጋሽ ሙሄ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሰው ለማስታረቅ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው አዩኝና፦

«ልጄ፣ ውሃው ምን በደለህ?» አሉ፣ ሊያስታርቁን እንደሆነ ሁሉ።

«ዓሦቹ ታፍነው ነው ጋሽ ሙሄ! አየር አጥሯቸው!»

«ውሃ ውስጥ ሆነው?»

«አዎ፣ ውሃ ውስጥ ሆነው!»

«አጃኢብ!» አሉ። «ያረቢ፣ የማታሰማን የለህ።» ግን ከትከሻቸው ፎጣቸውን አውርደው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከሌላ አጥር ሌላ እንጨት ነቀሉ። የነቀሉት ከእትዬ ዘነቡ አጥር ነበር።

እትዬ ዘነቡ ማለት ማሳዋ ከኩሬው ሥር የሆነ፣ ድንች የምታለማ ሴት ናት። ድምፅዋ ለቀብር መለከት፣ ለሠርግ ማይክራፎን ይሆናል። አጥሯ ሲነቀል አየችና ብቅ አለች፤ ሁለት ወንዶች ውሃ ሲደበድቡ ስታገኝ አጥሩን ረሳችው። «የእቴነሽ ባል አብዷል! ጋሽ ሙሄም ተጋብቶባቸዋል! ድረሱ!» አለች። ስሜን የሚጠራ ሰው እዚያ መንደር የለም፤ ለዕብደቴ እንኳ በሚስቴ ስም ነው የምጠራው። ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጣ።

ነገሩን ሲሰሙ ግን፣ አላህ ይስጣቸው፣ የሳቀ የለም። ማለቴ፣ የሳቀውም እየሳቀ ገባበት። እትዬ ዘነቡ ሳፋዋን አምጥታ ውሃውን እየቀዳች ከራሷ በላይ አንሥታ ትደፋው ጀመር። የምትደፋው ውሃ አረፋ እያወጣ ሲወርድ ዓሦቹ እዚያው ሥር ተሰበሰቡ። «አያችሁ! አየር እየጠጡ ነው!» አለች። ሁሉም ያገኘውን ዕቃ ይዞ በኩሬው ዙሪያ ተደረደረ። ቅዳ፣ አንሣ፣ ገልብጥ። ቅዳ፣ አንሣ፣ ገልብጥ። መንገደኛ ቢያየን ኩሬውን ከኩሬው አውጥተን ኩሬው ውስጥ የምንጨምር የእብድ ማኅበር ነን። ግን ይሠራ ነበር። እዚያ ላይ ብንቆም ኖሮ ይህን ወግ አላወጋችሁም ነበር።

ክንዳችን ዛለ። ጋሽ ሙሄ ላባቸውን ጠረጉና በሬዎቻቸውን አዩ። እኔም በሬዎቹን አየሁ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጅልነት እኩል ሲያስብ ከሰማይ የመጣ ይመስላል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ለምን አናበራየውም?»

«እኔም እሱን ልል ነው! እህል በአውድማ እንደሚበራየው፣ በሬ አስገብተን ብናዞረው እኮ ከዚህ ሁሉ ሳፋ ይበልጣል።»

አንደኛው በሬ ሽታውን አሽትቶ እምቢ አለ፤ ከሁላችንም አስተዋዩ እሱ ነበር። ቦራ የሚባለው ግን የዋህ ነው። የፊት እግሩን ላስቲኩ ላይ አሳረፈ፤ ላስቲኩ እርጥብ ነው፤ ሌላውን እግሩን ማሳረፍ ሳያስፈልገው ተንሸራትቶ በሙሉ አካላቱ ገባ። የተነሣው ማዕበል እስከ ድንቹ ደረሰ። አንድ ዓሣ በአየር ላይ በርሮ እትዬ ዘነቡ ደረት ላይ አረፈ። ሴትየዋ ዓሣውን እንደ ሕፃን አቅፋ ጮኸች፤ ዓሣውም አፉን ከፈተ፤ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ግራ ገባን።

ቦራ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይዞር ይሆናል ያልነው ጠጣ። ጠግቦ ጠጣና ቆመ። «ሆ በል ቦራ! ዙር ቦራ!» ብንለው ጆሮውን ብቻ አዞረ። ያን ጊዜ እኔ ከነልብሴ ገብቼ ከኋላው መግፋት ጀመርኩ። በሬን ከኋላ የሚገፋ ሰው የሚደርስበት ይታወቃል፤ ረገጠ። እኔን ሳተኝ። ላስቲኩን ግን አልሳተውም። «ጭርርር» የሚል ድምፅ ሰማን። አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ።

ውሃው ወደ ጎን ሰርስሮ በእትዬ ዘነቡ ድንች ላይ ወረደ። «ድንቼ!» አለች፣ ዓሣውን እንዳቀፈች። ከሥር ተኝቶ የነበረው ዝቃጭም ተነሥቶ ውሃው አተላ መሰለ። ቀዳዳው ወደ ጉልበት አካባቢ ስለነበር ውሃው እዚያ ሲደርስ ጎደለና ቆመ። ሁሉም ዓሣ ከበሬው እግር ሥር ተጨናነቀ። አየር ያጠራቸውን ፍጡሮች ቤታቸውንም አጠበብኩባቸው። እውነት እላችኋለሁ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የታየኝ ዓሣው አይደለም። የአውሮፕላን መሰላል ታየኝ።

«አብሽር» አሉኝ ጋሽ ሙሄ፣ ፊቴን አይተው። «አብሽር ልጄ። ግማሹን በየዕቃው እናውጣቸው።»

ባልዲ መጣ፣ ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ መጣ፣ በርሜል እየተንከባለለ መጣ። የምንጩን ንጹሕ ውሃ እየሞላን ዓሦቹን በእጅ፣ በወንፊት፣ በነጠላ እያፈስን አስገባናቸው። በየዕቃው አጠገብ ደግሞ አንድ አንድ ሰው በጣሳ እየቀዳ የሚገለብጥ ቆመ። እትዬ ዘነቡ ትልቁን ጋኗን አስወጣች። ጠላ የሚጠመቅበት ነው።

«ታጥቧል!» አለች ማንም ሳይጠይቃት።

ጋሽ ሙሄ አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግተው መለሱ። «ከዚህ የገባው ዓሣ ለናንተ ይሁን። እኔ የሰከረ ዓሣ አላውቅም።»

በዚህ መሐል ደመናው ተሰነጠቀና ፀሐይ ወጣች። ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ፤ ሁሉም ወደ ፓምፗ ዞረ። ፓምፗ ዝም። ጠበቅን። ዝም። «ተበላሽታለች» አልኩ እንደ ባለሙያ። «ሶላር ነገር እንዲህ ነው። ከክረምት አይስማማም።»

እትዬ ዘነቡ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ሶላሩ አየች። «የእቴነሽ ባል፣ ያ የተሰጣው ጋቢ ያንተ አይደለም?»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየ። ምን ላድርግ፣ ትናንት ዝናብ የመታው ጋቢዬ ነው። ሶላሩ ያዘመመ፣ ንጹሕ፣ እሾህ የሌለበት ነው፤ ከዚያ የተሻለ ማስጫ የት ይገኛል? ሄጄ ገፈፍኩት። ፓምፗ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ከዚያ ውሃውን ወደ ላይ አንሥታ በቦራ ጀርባ ላይ ረጨችው። እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሙሄ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፦

«ልጄ፣ ከዓሦቹ ይልቅ አየር ያጠረህ አንተ ነህ» አሉኝ።

እቴነሽ የደረሰችው እንዲህ ሳለን ነው። ልጃችንን እዚያው ወረኢሉ ትታ፣ ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ፣ ከከተማው ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁል ሮጣ ኖሯል። ከኩሬው አፋፍ ላይ ቆመች። መንደሩ ሁሉ ጭቃ ለብሷል። በሬው ከፏፏቴው ሥር ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይታጠባል። ባሏ ደረቅ ጋቢ በእርጥብ ልብስ ላይ ደርቦ ጋን ውስጥ በጣሳ ያማስላል።

ለረጅም ጊዜ አየችን። ከዚያ በቀስታ፦ «በሬው ምን ይሠራል?» አለች።

ሁሉም እኔን አየ።

«ይበጠብጣል» አልኩ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና «ያላ!» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ነው ያየው። ለቦራ ጨው ይምጣ አለች፤ መጣ፤ ቦራም ጨዉን እየተከተለ፣ ከታች ሁለት ጎረምሳ እየገፋው፣ ከላይ አሥር ሰው እየሳበው እንደ ሙሽራ በክብር ወጣ። ከከተማ ጎሚስታ ተጠራ፤ የመኪና ጎማ የሚለጥፈው ማለት ነው። መጥቶ ኩሬውን አየና «የቱ ጎማ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ላስቲኩን አደረቀ፣ ከካላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ቀዳዳውን ለጠፈ። የምንጩ ቱቦ ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ታሰረና ውሃው እየተፈናጠረ እንዲገባ ተደረገ። ኩሬው ቀስ እያለ ሞላ። በየዕቃው የነበሩትን መለስናቸው። ከጋኑ የወጡት ትንሽ ተንገዳገዱ የሚል ወሬ አለ፤ እኔ አላየሁም።

አብዛኞቹ ተረፉ። ሁሉም ግን አልተረፉም። ማጣጣር የጀመሩትን፣ የማይድኑትን፣ እቴነሽ ሣሩ ላይ አወጣቻቸው። አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቀልድ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

«እቴ» አልኳት፣ «አትሂጂ።»

ዓሦቹን አየች፣ ሰዉን አየች። «ቢላ አምጣ» አለችኝ።

ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነው ያቀበልኳት። ለእኔ አልነበረም። ዓሦቹን ቅርፊታቸውን ፍቃ፣ ሆድ ዕቃቸውን አውጥታ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳ እዚያው ባስነደደችው እሳት ላይ ዘይት ውስጥ ጣለቻቸው። ሽታው መንደሩን አንድ እርምጃ አስጠጋው።

አገራችንን ለማታውቁ፣ ወሎ ማለት አብሮ የሚያርስ፣ አብሮ የሚቀብር፣ ሲያሰኘውም የሚጋባ አገር ነው። ሥጋ ላይ ሲደርስ ብቻ ለየብቻ እንቀመጣለን፤ የእስላም ቢላ፣ የክርስቲያን ቢላ አለ። በሠርጋችን ሁሉ ጋሽ ሙሄ ለብቻ ዳስ ነው የሚበሉት። እቴነሽ ትሪውን ስታወጣ ሰው ሁሉ በልማዱ ለሁለት ሊከፈል ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች። «ዓሣ እኮ የሚባርከው አይጠይቅም።»

ሰው ወደ ጋሽ ሙሄ አየ። ጋሽ ሙሄ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እውነቷን ነው። የውሃ ሲሳይ ቢላ አይሻም» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው፦ «ከጋኑ የወጣውን ግን ለዩልኝ!»

ሐሙስ መሆኑ በጀን እንጂ ረቡዕ ቢሆን ኖሮ «ዓሣ ለጾም ይሆናል፣ አይሆንም» ስንል ዘይቱ ይቀዘቅዝ ነበር። ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን። ጋሽ ሙሄ «ቢስሚላህ» አሉ፣ እትዬ ዘነቡ አማተበች፣ ሁለት እጆች እኩል ገቡ። ሃያ ምናምን ዓመት ጎረቤት ሆነው ከአንድ ገበታ ሥጋ ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነው። እትዬ ዘነቡ ትልቁን ቁራጭ አጥንቱን ለቅማ በጋሽ ሙሄ በኩል አስቀመጠችላቸው። «የአጥሬን እንጨት ይመልሱ» ብላ።

ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቅ ስትል ጋሽ ሙሄ ጣታቸውን እየላሱ፦ «እቴነሽ ልጄ፣ ይሄ ነገር ከእኔ ማሳ ጥግ ላይም ይሆን ይሆን?» አሉ። ሌላው «ከእኔስ?» አለ። የጅዳ ፀሐይ የመታት ነው ይሉ የነበሩት ናቸው።

እቴነሽ እጇን በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገች። ኩሬውን በዓይኗ ለካችው። «ይሄኛው ጥልቀት አንሶታል» አለች። «ሁለተኛውን ስንቆፍር ዝቅ እናደርገዋለን።»

ሁለተኛውን። ስንቆፍር። አማርኛ አስተማሪዬ ስለ ግሥ ዓመት ሙሉ ያስተማረኝ ያን ጊዜ ገባኝ። «ስንቆፍር» ብሎ ጅዳ የሄደ ሰው የለም።

እኔ መቆፈር አልወድም። ወገቤንም ያመኛል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ሳላውቀው ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ኖሮ፦

«ዶማው የት ነው?» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እቴነሽም ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቅኩት እሱን ነበር። ጋቢዬን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝና «ተቀመጥ፣ ብላ» አለችኝ።